የሚንቀጠቀጠው እጄ ነውን ወይስ መሪው?

ሰው ዕድሜው እየገፋ በሄደ ቍጥር አንድ ነገር በተጓደለ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራጠረው የገዛ ሰውነቱን ነው። ጽሑፍ ቢደበዝዝበት ዓይኔ ደከመ ይላል እንጂ መብራቱ ደከመ አይልም፤ የሰው ንግግር ባይሰማው ጆሮዬ ከበደ ይላል እንጂ ተናጋሪው አልጐመጐመ አይልም። እኔም ባለፈው ዓመት ከዚሁ ዓይነት ጥርጣሬ ላይ ወድቄ፥ ሁለት ወር ሙሉ ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግራት ነገሩን በልቤ ይዤ ኖርሁ። የተጀመረው ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ፥ በአዲሱ መኪናችን መሪ ነው።

ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ያሽከረከርሁት አሮጌ ቮልስ ነበረ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ አዲስ መኪና ለመግዛት ያሰብን ሰዎች ዓይናችንን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መለስን። ያጠራቀምነውን ገንዘብ፥ ልጃችንም የጨመረችልንን አድርገን በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር አንድ አዲስ መኪና ገዛን። ልጃችን ከባልዋና ከሁለት ልጆችዋ ጋር አዳማ ትኖራለችና፥ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጧት ተነሥተን እነርሱን ማየት የጡረታችን ደስታ ሆኖ ነበር። ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በዱከምና በቢሾፍቱ፥ በሞጆም በኩል እያለፈ ቁልቁል ይወርዳል። በከተማው ውስጥ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የማይሄድ መኪና በዚያ መንገድ ላይ 100 ሲደርስ ባሕርዩ ይታወቃል።

በመጀመሪያው ጕዞአችን ገና ዱከም ሳንደርስ በመዳፌ ላይ አንድ የሚያሳክክ ነገር ተሰማኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሪው በጣቶቼ ውስጥ ሲርገበገብ አየሁ። ፍጥነት ብቀንስ ተወኝ፤ ብጨምር ተመለሰ። ባለቤቴ በአጠገቤ ተቀምጣ ስለ ልጅ ልጆቻችን ትጫወት ነበርና ምንም አልተሰማትም።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያች ሰዓት ያሰብሁት ጎማውን አልነበረም። ያሰብሁት አባቴን ነው። አባቴ በስተርጅናው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲኒው ሞልቶ ከተቀዳለት ወደ አፉ ሳያደርሰው ይፈስበት ነበርና፥ እናቴ እንግዳ እንዳያይበት ሁልጊዜ አጕድላ ትቀዳለት ነበር። እኔም በማግሥቱ ባለቤቴ ሳትነሣ ወደ ማድ ቤት ገብቼ ሲኒ እስከ አፉ ውሃ ሞልቼ አነሣሁ። ጥቂት ተንጠባጠበ። ከፍርሃቴ የተነሣ ይሁን ከበሽታ ለማወቅ አልቻልሁም። ከዚያ ወዲያ ወደ አዳማ በምንሄድበት ቀን ሁሉ ከ90 ሳላልፍ፥ በቀኝ በኩል ከጭነት መኪናዎች ጋር እየተሰለፍሁ መሄድ ጀመርሁ። ባለቤቴ «በቮልሱ እንኳ ከዚህ ይልቅ ትፈጥን ነበር» ስትለኝ፥ «አዲስ ነገር እንዲህ በዝግታ ነው የሚለመደው» እያልሁ አሳልፋት ነበር።

ሻጩን ግን አንድ ቀን ሄጄ ጠየቅሁ። የጠየቅሁትም እንደ ነገሩ አድርጌ ነው፤ ሰው የራሱን ሕመም «አንድ ወዳጄ እንዲህ ይሰማዋል» እያለ እንደሚጠይቅ ማለት ነው። በዚያ የነበረው ወጣት በትሕትና ሰምቶኝ ሲያበቃ፥ «አባቴ፥ እርስዎ የለመዱት አሮጌ መኪና ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና መሪው ቀላል ስለ ሆነ እንደዚህ ይሰማል» ብሎ አሰናበተኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። አሁን ሳስበው፥ የሚያሳፍረኝ የእርሱ መልስ ሳይሆን የእኔ አመስግኖ መውጣት ነው።

ነገሩ የተገለጠው በመጋቢት ወር ነው። ከአዳማ ስንመለስ ልጃችን ለጕዳይዋ አዲስ አበባ መምጣት ስለ ነበረባት እርስዋ ነዳች፤ እኔም በኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። ሞጆን እንዳለፍን ፍጥነትዋን ጨመረች፤ እኔም ከኋላ ሆኜ የፍጥነት መለኪያውን እመለከት ነበር። 90 አለፈ፤ 95 ሆነ። በዚህን ጊዜ «አባዬ፥ ይህ መሪ ስለምን ይንቀጠቀጣል?» አለችኝ።

መኪናው ታመመ ተብሎ እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ዕንባዬ መጥቶ ነበርና ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ባለቤቴ ግን ከመስተዋቱ አይታኝ ኖሮ እቤት ስንደርስ ጠየቀችኝ፤ የሲኒውንም ነገር፥ የአባቴንም ነገር ሁሉ ነገርኋት። ተቈጣችኝ። የተቈጣችውም ስለ መደበቄ ብቻ አልነበረም፤ «እጅህ ታሞ ቢሆንስ ኖሮ፥ እኔንም ይዘህ ሁለት ወር በዚያ መንገድ ላይ ትሄድ ኖሯልን?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሦስታችን በአንድነት መረመርነው። አስቀድሜ ማድረግ የሚገባኝም ይህ ነበረ። ልጄ ትነዳለች፥ ባለቤቴ በደብተር ትጽፋለች፥ እኔ ከኋላ ሆኜ እጠይቃለሁ። ከደብተሩ የተገኘው እንዲህ የሚል ነው፦ መንቀጥቀጡ 92 ላይ ይጀምራል፤ 100 ላይ ከሁሉ ይበረታል፤ ከ112 በኋላ ይቀንሳል። የሚሰማውም በመሪው እንጂ በወንበሩ አይደለም።

ይህ ጥቂት ቃል ብዙ ነገር ይናገራል። ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል። በቸርኬው ጠርዝ በአንድ ወገን 50 ግራም ብቻ ትርፍ ክብደት ቢገኝ፥ በዚህ ፍጥነት ያ ትርፍ ጎማውን ወደ ውጭ የሚጐትተው 7 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ነው፤ ያውም በየዙሩ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች እያለ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን፥ በ50 ኪሎ ሜትር ያው ትርፍ 2 ኪሎ አይሞላም። ሻጩ መኪናውን በሰፈር ውስጥ አዙሮ «ምንም የለውም» ማለቱ ስለዚህ ነው፤ በሰፈር ውስጥ በእውነትም ምንም የለውም። ከ112 በኋላ የሚቀንስበትም ምክንያት አለው። ዥዋዥዌ የምትጫወት ሕፃን በልኳ ጊዜ ከተገፋች ከፍ ትላለች፤ ያለ ጊዜዋ ብትገፋ ግን እንቅስቃሴዋ ይበርዳል። የመኪናም መሪና እገዳው ሁሉ የራሱ የመወዛወዣ ልክ ስላለው፥ የጎማው ዙር ከዚያ ልክ ጋር ሲገጥም ይበረታል፥ ሲያልፈው ይበርዳል። እንዲሁም መንቀጥቀጡ በእጅ ከተሰማ በብዙው የፊት ጎማ ነው፤ በወንበርና በወለል ከተሰማ የኋላ ጎማ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና በዚህ ረገድ ሐሜተኛ ነው ብል አላጋነንሁም። በቮልሱ ዘመን ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ሲያጓራ ወለሉም፥ መስኮቱም፥ የነጂውም ጥርስ አብሮ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ፥ የጎማ ጕድለት በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ተሰውሮ ይኖር ነበር። አሁን ግን የሚሸፍን ድምፅ የለም፤ ጎማው የሠራው ጥፋት ሁሉ ቀጥታ ወደ መዳፍ ይመጣል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በቀድሞው መኪና መንቀጥቀጡ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ እንደ ሆነ ጥፋቱ ከፍሬኑ ዲስክ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚመጣ እንደ ሆነ ኃይሉን ወደ ጎማ ከሚያደርሰው ዘንግ ነው ተብሎ ይፈረድ ነበር። በኤሌክትሪክ መኪና ግን እግር ከመስጫው ሲነሣ ሞተሩ ራሱ ኃይል አመንጪ ሆኖ መኪናውን ይይዘዋል፤ ስለዚህ «እግሬን አንሥቼ ሞከርሁ» የሚለው ማስረጃ ብቻውን አይበቃም። ልጄ ከኋላዋ መኪና አለመኖሩን አረጋግጣ ማርሹን ወደ ነፃ አደረገችው፤ መኪናው በራሱ ግፊት ሲንከባለል መንቀጥቀጡ እንደዚያው ቀጠለ። ሞተሩ በዚህ ነፃ ወጣ። ቀጥላ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ አልጨመረም። ፍሬኑም ነፃ ወጣ። የቀረው ከጎማ፥ ከቸርኬና ከኩሽኔታ አንዱ ነው።

በማግሥቱ ጧት መኪናው ሳይነዳ የጎማዎቹን ነፋስ ለካሁ። ትክክለኛው ልክ በነጂው በር ክፈፍ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ቍጥር የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ ልኩ አይደለም። የእኛ አራቱም ጎማዎች ከታዘዘው ልክ በጣም ጠጥረው ተገኙ። በመርከብና በጭነት መኪና የሚጓዝ አዲስ መኪና አንዳንድ ጊዜ ጎማው እጅግ ተነፍቶ ይላካልና፥ ሻጩ ሲያስረክብ ዝቅ ማድረግ ነበረበት፤ አላደረገም። ዝቅ ብናደርገው መኪናው ለሰለሰ፤ መሪው ግን አልተወም።

ከዚያም በሰፈራችን ወዳለ ጎሚስታ ወሰድሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ የልጁ ጥፋት እንዳይመስል እንጂ እጅግ አስደንግጦኝ ነበር። ልጁ ክሪኩን ይዞ እንደ ለመደው ወደ መኪናው ሆድ መካከል አስገባው። «ልጄ፥ ተው!» ብዬ ጮኽሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው በብዙ መቶ ኪሎ የሚመዘን ሆኖ በወለሉ ሥር ተዘርግቶ ነው የሚኖረው፤ ክሪክ ያለ ቦታው ቢገባ የባትሪውን ሽፋን ይሰብራል፥ ከዚህም የባሰ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ክሪክ የሚገባባቸው አራት ቦታዎች በጎንና በጎን ተለይተው የተሠሩ ናቸው። ልጁም ተንበርክኮ አየና «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፥ አላወቅሁም» አለኝ። እኔም ያወቅሁት ባለፈው ምሽት መጽሐፉን አንብቤ ስለ ነበረ ነው፤ ያለዚያ ከልጁ የተሻልሁ አልነበርሁም።

ባላንስ ተደረገ፤ ትንንሽ እርሳሶችም ተለጠፉ። መንቀጥቀጡ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። አንድ ሌላ መካኒክ የመሪውን ዘንጎችና የፊቱን እገዳ በሙሉ ካልቀየርህ አይተውህም ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠየቀኝ። ገንዘቡ ቢኖረኝ ኖሮ እሺ እለው ነበር ብዬ እፈራለሁ። ድህነት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ውለታ ይውላል።

ልጄ በአዳማ አንድ ሌላ ጎሚስታ ታውቅ ነበር፤ ወደ ጅቡቲ በሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ የጠየቁኝ ባለቤቴ በደብተርዋ ያልጻፈችውን ነው፦ «ጧት ስትነሡ ይብሳል ወይስ ከሄዳችሁ በኋላ?» ልጄ አስታወሰች፤ በመጀመሪያው ሃያ ኪሎ ሜትር ይበረታል፥ ጎማው ሲሞቅ ይቀንሳል፥ ግን አይጠፋም። ሰውየውም ራሳቸውን ነቅንቀው «ባላንስ የሚለካው ክብደትን ነው እንጂ ክብነትን አይደለም» አሉ።

መጀመሪያ ያደረጉት የፊቱን ጎማዎች ወደ ኋላ፥ የኋላዎቹን ወደ ፊት መለወጥ ነው። ይህ የሚሆነው አራቱም በልክ አንድ ሲሆኑ ነው። ለውጠን ወደ ፈጣኑ መንገድ ወጣን። መሪው ጸጥ አለ፤ ከኋላ የተቀመጥሁት እኔ ግን በወንበሬ ላይ እንደ ፈረሰኛ ተንዘፈዘፍሁ። ልጄ ከፊት ሆና እየሳቀች፥ «አባዬ፥ አሁንስ እጅህ ነው?» አለችኝ። እናትዋ ነግራታለች ማለት ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ ወደ ኋላ ከሄዱት ከሁለቱ ጎማዎች ባንደኛው ነበረ፤ መሪውና እገዳው፥ ከቦታቸው ያልተነቃነቁት ኩሽኔታዎችም ሁሉ ንጹሓን ሆኑ። ያ መካኒክ ሊቀይራቸው የነበሩ ዕቃዎች ናቸው። ሰውየው የኋላውን አንዱን ጎማ በክሪክ አንሥተው፥ አንድ እንጨት መሬት ላይ አቁመው ጫፉን ከጎማው ፊት በጣም አቀረቡና ጎማውን በእጃቸው በዝግታ አዞሩት። በእንጨቱና በጎማው መካከል ያለችው ቀዳዳ ሳትለወጥ ዞረች። ሁለተኛውን አዞሩ። በአንድ ቦታ ላይ ቀዳዳዋ ሰፋች፤ ጎማው እዚያ ላይ ጠፍጣፋ ነበረ። ቸርኬውን እንደዚሁ ለብቻው ለኩት፤ ደህና ነው።

በጎማው ጎን ላይ ባራት ቍጥር የተጻፈውን የተሠራበትን ቀን በባትሪ መብራት አሳዩኝ፤ 3523 ይላል። ይህም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓመት በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። እኛ መኪናውን በተረከብን ጊዜ ጎማው ከዓመት ከመንፈቅ ብዙ የማይጐድለው ዕድሜ ነበረው። ከዚህም ውስጥ ምን ያህሉን ወር በወደብ፥ ምን ያህሉን በሻጩ ግቢ በአንድ ቦታ ቆሞ እንዳሳለፈው ባላውቅም፥ ከባድ ባትሪ የተሸከመ መኪና ለብዙ ወራት ሳይነቃነቅ ሲቆም የጎማው የታችኛው ፊት ተጨፍልቆ ይቀራል። ጥቂት ቀን ብቻ የቆመ እንደ ሆነ ሲሞቅ ወደ ክብነቱ ይመለሳል፤ ብዙ የቆመ ግን አይመለስም። ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ሲተኛ እንደሚደነዝዝ ነው፤ የኛ ጎማ ግን እንደ ደነዘዘ ቀረ።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ዓመት ደንሎፕ የሚባለው የእንስሳት ሐኪም ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት በነፋስ የተሞላ ጎማ ሠርቶ ፈቃድ ያገኘበት ምክንያት፥ ልጁ በድንጋይ መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ ብሎ ነበረ ይባላል። ጎማ ሊያጠፋው የተሠራውን መንቀጥቀጥ ራሱ ሲያመጣ ማየት ያስደንቃል።

ሻጩ ዘንድ ጎማውን፥ የባለቤቴን ደብተርና የሰውየውን እንጨት ታሪክ ይዤ ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ እንደ ነገሩ አድርጌ አልጠየቅሁም፤ አመስግኜም አልወጣሁም። ሦስት ጊዜ ከተመላለስሁ በኋላ የአንዱን ጎማ ዋጋ እኩሌታ ከፈሉ። ሙሉውን ሊከፍሉ ይገባ ነበር፤ አራተኛ ጊዜ ለመሄድ ግን ጕልበቱን አጣሁ። አዲሱን ጎማ የአዳማው ሰው ገጠሙት። ብሎኖቹን አንዱን ከጠበቀ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለውን እያስከተሉ፥ መጨረሻም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ አጠበቁ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ከሄድህ በኋላ መልሰህ አስጠብቅ አሉኝ።

ሲመለሱ ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፤ የነዳሁት እኔ ነኝ። 92 አለፍሁ፤ 100 ደረስሁ። ባለቤቴ ዓይንዋን ከእጄ ላይ አላነሣችም። መሪው በመዳፌ ውስጥ እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ ብሎ ነበር።

ቢሆንም ቅሉ ወደ ሐኪም ሳትወስደኝ አልቀረችም፤ የሲኒውን ነገር ከሰማች ወዲያ ጎማ ቢቀየር ባይቀየር ለእርስዋ አንድ ነበረ። ሐኪሙ እጄን ዘርግቼ እንድይዝ፥ በወረቀትም ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚጠመዘዝ መስመር እንድሥል አደረጉ። ጥቂት ትንቀጠቀጣለህ፥ የዕድሜ ነው፥ ለመንዳት አያግድህም፥ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰህ አሳየኝ፥ ቡናም ቀንስ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ በረካውን ትከለክለኛለች፤ አቦሉን ግን እስከ አፉ ሞልታ ትቀዳልኛለች።